ስለ ኮሊብሪ ወፍና ፎቶግራፍዋን ስለሚያነሡ ሰዎች

በዓለም ካሉት ወፎች ሁሉ እጅግ ታናሽ የሆነችው ወፍ የምትገኘው በአሜሪካ ምድር ብቻ ነው። እንግሊዞች ሃሚንግበርድ ይሏታል። ይህን ስም ያወጡላት በምትበርበት ጊዜ ከክንፎችዋ እንደ ንብ ድምፅ ያለ ድምፅ ስለሚሰማ ነው። የእስፓንያን ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች ግን ኮሊብሪ ብለው ይጠሩዋታል። የኮሊብሪ ወገን 360 ያህል ዓይነት አለው። በሰሜን ከአላስካ ጀምሮ በደቡብ እስከ አሜሪካ ምድር መጨረሻ ድረስ ተበትነው ይኖራሉ፤ ነገር ግን ከእነርሱ አንዲቱ ስንኳ በአፍሪካ ወይም በእስያ ዱር አትገኝም።

ከሁሉ የምታንሰው በኩባ ደሴት ያለችው ናት። ከምንቃርዋ ጫፍ እስከ ጅራትዋ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ክብደትዋም 2 ግራም ያህል ነው። ሃምሳ የስንዴ ቅንጣት ቈጥሮ በመዳፉ የያዘ ልጅ የዚህችን ወፍ ክብደት ያህል ይዞአል። ከሁሉ የምትበልጠው ደግሞ በአንዲስ ተራራዎች ላይ ትኖራለች፤ እርስዋም ብትሆን የምትመዝነው 20 ግራም ያህል ነው።

በኢትዮጵያ ያደገ ልጅ ይህን ሲሰማ፥ «እንዲህ ያለችውን ወፍ በጓሮአችን አይቻለሁ» ይል ይሆናል። ያያት ግን ሌላ ናት። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ቀጭንና ቈልማማ ምንቃር ያላት፥ ላባዋ የሚያብለጨልጭ ወፍ ከአበባ ወደ አበባ ስትዘል ትታያለች። እንግሊዞች የፀሐይ ወፍ ይሏታል፤ ከወገኖችዋም አንዲቱ በተከዜ ወንዝ ስም ትጠራለች። ይህች ወፍ በመልክዋ ኮሊብሪን ትመስላለች እንጂ ዘመዷ አይደለችም። የሁለቱም ሥራ አንድ ስለ ሆነ፥ ይኸውም በአበባ ውስጥ ያለውን ጣፋጭ ወለላ መጠጣት ስለ ሆነ፥ ምንቃራቸው ተመሳሰለ። ልዩነታቸውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሲጠጡ ይመልከታቸው። የፀሐይ ወፍ ብዙውን ጊዜ በቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠጣለች። ኮሊብሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ አትቀመጥም፤ በአየር ላይ እንደ ተሰቀለች ሆና ቆማ ትጠጣለች።

ኮሊብሪን በብዛት ለማየት የሚወዱ ሰዎች ወደ ኤኳዶር ይሄዳሉ። ኤኳዶር በደቡብ አሜሪካ ያለች አገር ናት። የምድር ወገብ መስመር በውስጥዋ ያልፋል፤ ስምዋም የተወሰደው ከዚሁ ነው። ስፋትዋ የኢትዮጵያን ሩብ ያህል ቢሆን ነው፤ ሆኖም 130 ያህል ዓይነት ኮሊብሪ ይኖርባታል። ዋና ከተማዋ ኪቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከአዲስ አበባም ትበልጣለች። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ፒቺንቻ የሚባል የእሳተ ገሞራ ተራራ ቆሞአል። ከተራራው ማዶ ምድሩ ወደ ታላቁ የፓሲፊክ ውቅያኖስ እያዘቀዘቀ ይወርዳል።

ከውቅያኖሱ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ይህን ተዳፋት ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ጭጋግና ዝናብ ይሆናል። ስለዚህ ተዳፋቱ ዓመቱን ሁሉ በለመለመ ጥቅጥቅ ያለ ደን ተሸፍኖአል። ዛፎቹ የዛፍ ሽበት ለብሰዋል፤ በቅርንጫፎቻቸውም ላይ ሌሎች ታናናሽ ተክሎች በቅለው አበባ ያወጣሉ። ሚንዶ የምትባለው ታናሽ ከተማ በዚህ ደን መካከል ናት። በእርስዋ ዙሪያና ከእርስዋ በላይ ባሉት ኮረብታዎች የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ተሠርተዋል። ወደ እነዚህ ቤቶች የሚመጡት እንግዶች የሚመጡት ለመብልና ለመጠጥ አይደለም፤ ወፍ ለማየት ነው። ከሩቅ አገር ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሃምሳ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነገር ለማየት መምጣት ለአንዳንዱ ሰው እብደት ይመስለው ይሆናል፤ አንድ ጧት በዚያ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ግን እንዲህ አይልም።

ጎሕ ሲቀድ፥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፥ ደኑ ገና በጭጋግ ውስጥ ሳለ እንግዶች ከየክፍላቸው ወጥተው በበረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። በጣራው ጠርዝ የወፍ ማጠጫዎች ተሰቅለዋል። ማጠጫው የስኳር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ነው፤ ከሥሩም በቀይ አበባ አምሳል የተሠሩ ቀዳዳዎች አሉት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አይታይም፤ ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ከዚያም አንድ ነገር በጆሮ አጠገብ ብር ብሎ ያልፋል። ጥንዚዛ መስሎት እጁን የሚያወናጭፍ እንግዳ አይታጣም። ዞር ብሎ ሲያይ ግን አውራ ጣቱን የምታህል ወፍ በአየር ላይ ቆማ ፊት ለፊት ትመለከተዋለች። ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ የለችም።

ኮሊብሪ በአየር ላይ ለመቆም እንዴት ትችላለች? ሌሎች ወፎች ክንፋቸውን ወደ ታች ሲመቱ አየሩን ይገፋሉ፤ ወደ ላይ ሲመልሱት ግን አጠፍ አድርገው ያሳልፉታል እንጂ ብዙ ኀይል አያገኙበትም። የኮሊብሪ ክንፍ ግን ከትከሻዋ ላይ ይዞራል። ወደ ፊት ስትመታ የክንፉ ጀርባ ወደ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ስትመልሰው ክንፉ ይገለበጥና ውስጡ ወደ ላይ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ በመምታቱም በመመለሱም አየሩን ወደ ታች ትገፋለች። በጥልቅ ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ለመቆም እጆቹን ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዝ ዋናተኛ ያየ ልጅ ይህን ነገር በቀላሉ ያስተውላል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ የተደረገ ምርመራ (ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በአየር ላይ የምትቆመውን ኮሊብሪ ከሚሸከመው ኀይል ከአራት እጅ ሦስቱ ከመጀመሪያው ምት፥ አንዱ እጅ ደግሞ ከምላሹ እንደሚገኝ አሳይቶአል።

ታላቂቱ ኮሊብሪ በአንድ ሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ክንፍዋን ትመታለች፤ ከታናናሾቹ ግን አንዳንዶቹ በዚያው ሰከንድ 80 ጊዜ ያህል ይመታሉ። ስለዚህ የሰው ዓይን ክንፋቸውን ሊያይ አይችልም፤ በወፊቱ ግራና ቀኝ እንደ ጭስ ያለ ነገር ብቻ ያያል። ወደ ኋላም ትበራለች። ምንቃርዋን ከጠባቡ አበባ ውስጥ ለማውጣት ወደ ኋላ መሄድ የግድ ነውና።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይሆንም። በአየር ላይ መቆም እጅግ የሚያደክም ሥራ ነው፤ ሥራውንም የሚሠራ ሰውነት ብዙ ምግብ ይፈልጋል። በምትበርበት ጊዜ የኮሊብሪ ልብ በአንድ ደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይመታል፤ 1,200 ጊዜ የደረሰም ተቈጥሮአል። ሮጦ የደከመ ልጅ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ የራሱን ልብ ቢቈጥር ከዚህ ሩብ እንኳ እንደማይደርስ ያያል። ስለዚህ ኮሊብሪ በየቀኑ የምትጠጣው ወለላ ከራስዋ ክብደት ይበልጣል፤ ይህንም ለማግኘት በመቶ የሚቈጠሩ አበቦችን ትጎበኛለች። ጧት የበላ ሰው እስከ ማታ ቢጾም አይሞትም። ለኮሊብሪ ግን ጥቂት ሰዓት ያለ ምግብ መዋል የሞት ነገር ነው። በበረንዳው ላይ የምትታየው ውብ ወፍ ዕድሜዋን ሁሉ ከረኃብ ፊት ስትሸሽ የምትኖር ናት።

ምላስዋም የሚያስደንቅ ነው። ረዥምና ቀጭን ነው፤ ጫፉም እንደ እባብ ምላስ ለሁለት ተከፍሎአል። ሊቃውንት ብዙ ዘመን ወለላው በምላስዋ ላይ ውሃ በጨርቅ ክር ላይ እንደሚወጣ በራሱ የሚወጣ መስሎአቸው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን በፈጣን ካሜራ ተመልክተው እንዲህ እንዳልሆነ አገኙ። በምላስዋ ጫፍ ዳርና ዳር እንደ ዘርፍ ያሉ ታናናሽ ነገሮች አሉ። ምላስዋ ወለላው ውስጥ ሲገባ ይዘረጋሉ፤ ሲወጣ ተጠቅልለው ወለላውን እንደ እጅ ጭብጥ ይይዛሉ። ይህንም በአንድ ሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ታደርጋለች።

ወለላ ብቻውን ግን ሥጋ አይሠራም። ስለዚህ ኮሊብሪ ትንኞችንና ታናናሽ ሸረሪቶችንም ትበላለች። አበባውም ወለላውን በከንቱ አያጠጣትም፤ ስትጠጣ የአበባው ዱቄት በግንባርዋና በምንቃርዋ ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ሌላው አበባ ስትሄድ ይዛለት ትሄዳለች፤ በዚህም ፍሬና ዘር ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ከዱቄቱ ሌላ ተሳፋሪም አለ። በአበባ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን ለማየት እጅግ የሚያስቸግሩ ፍጥረታት አሉ፤ መዥገርን በዘመድነት ይቀርባሉ። አበባው ሊረግፍ ሲል ወፊቱ መጥታ ምንቃርዋን ስታስገባ በምንቃርዋ ላይ ሮጠው በአፍንጫዋ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ። ወደ ሌላ አበባ ስትደርስ ሽታው የለመዱት ዓይነት አበባ መሆኑን ሲነግራቸው እንደ ገና በምንቃርዋ ላይ ሮጠው ይወርዳሉ። ወፊቱ ለመጠጣት የምትቆየው ጥቂት ሰከንድ ነውና መሮጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ፀሐይ ጭጋጉን ስትገልጠው በበረንዳው ላይ ያሉት ወፎች ይበዛሉ። በመልካቸውም በጠባያቸውም ይለያያሉ። አንዱ ወንድ ጅራቱ ከሰውነቱ ይረዝማል፤ ቀለሙም እንደ ሐምራዊና ሰማያዊ ሐር ነው። ሌላው እግሮቹ በባዘቶ የተጠቀለሉ ይመስላሉ፤ ከጅራቱም ሁለት ቀጫጭን ላባዎች ወጥተው በጫፋቸው እንደ ማንኪያ ሰፋ ይላሉ። ልጆች ይህን ሲያዩ መሳቃቸው አይቀርም፤ እርሱ ግን ስለ እግሩ የሚያፍር አይመስልም። ሌላዪቱ ደግሞ በማጠጫው ላይ ባረፈች ቍጥር ክንፎችዋን ወደ ላይ ዘርግታ ጥቂት ትቆያለች፥ ከዚያ ታጥፋቸዋለች።

ሰላም ግን በመካከላቸው የለም። ማጠጫው ለሁሉ የሚበቃ ቢሆንም፥ አንዳንዱ ጉልበተኛ በአጠገቡ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ሁሉ ያሳድዳል። ሌሎችን በማባረር ሲደክም ራሱ ሳይጠጣ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በዚህ መካከል ከሁሉ የምታንስ አንዲት ወፍ እንደ ትልቅ ንብ ቀስ ብላ እያንዣበበች ትመጣለች። ጉልበተኛው ሌላውን ሲያባርር እርስዋ ጠጥታ ትሄዳለች።

ዛሬ ሰዎች ይህን ጠብና ይህን ውበት የሚያዩት በሕይወት ካሉት ወፎች ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በአውሮፓ ኮሊብሪ የምትታወቀው ሞታ ነበር። ነጋዴዎች የኮሊብሪን ቆዳ ከነላባው በሺህ እየቈጠሩ ከደቡብ አሜሪካ ወደ ለንደን ያመጡ ነበር። ሴቶች በባርኔጣቸው ላይ ያደርጉት ነበር፤ ባለጠጎችም በመስተዋት ሳጥን ውስጥ አድርገው በቤታቸው ያስቀምጡት ነበር።

በዚያ ዘመን ጆን ጉልድ የሚባል እንግሊዛዊ የወፎች ሊቅ ነበረ። ከኮሊብሪ የሚበልጥ የሚወድደው ወፍ አልነበረውም። ቆዳቸውን ከየአገሩ ሰበሰበ፤ ስለ እነርሱም ባለ ብዙ ሥዕል ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። በ1851 ዓ.ም. በለንደን በእንስሳት መጠበቂያው የአትክልት ስፍራ ቤት አሠርቶ የሰበሰባቸውን ወፎች ለሕዝብ አሳየ። ንግሥት ቪክቶርያ ሳትቀር ብዙ ሺህ ሰው መጥቶ አየ፥ አደነቀ። ወፎቹ ግን በሽቦ የተንጠለጠሉ ነበሩ። ጉልድ ራሱም እስከዚያ ቀን ድረስ አንዲት ስንኳ በሕይወት ያለች ኮሊብሪ አላየም ነበር።

በ1857 ዓ.ም. ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግሮ በፊላደልፊያ ከተማ በአንድ የአትክልት ስፍራ ቆሞ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ያን ጊዜ ዕድሜው 52 ዓመት ነበር። ስለ ኮሊብሪ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በአውሮፓ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እንዴት እንደምትበር ግን የፊላደልፊያ ሕፃናት ያውቁት የነበረውን እርሱ ገና በዚያ ቀን ተማረ። ሁለቱን በሕይወት ወደ ለንደን ሊወስድ ሞከረ፤ ነገር ግን አንዲቱም አልቆየችለትም፤ ሁለቱም ሞቱ።

በሕይወት ያለችውን ኮሊብሪ ሳይነኩ ለመያዝ የቻሉት ከጊዜ በኋላ የመጡት ፎቶግራፍ አንሺዎች ናቸው። ይህም ቀላል አልነበረም። ካሜራ በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ብርሃን ይቀበላል። በሩ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ቢከፈት እንኳ በዚያች ቅጽበት የኮሊብሪ ክንፍ ስፍራውን ይለውጣል፤ በሥዕሉም ላይ ጭስ ይመስላል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ሃሮልድ ኤጀርተን ለዚህ መላ አገኘ። ይህ ሰው ከ1930ዎቹ ዓመቶች ጀምሮ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ መብራት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ፍላሽ የሚለው ነው። የመብራቱ ዕድሜ ከሰከንድ አሥር ሺህኛ ያነሰ ነበር። የቀረው ብርሃን ደካማ ከሆነ ካሜራው የሚያየው በዚያች ብልጭታ ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ደግሞ የኮሊብሪ ክንፍም የቆመ ያህል ነው። ኤጀርተን በዚህ ብልሃት ያነሣቸው የኮሊብሪ ሥዕሎች በ1947 ዓ.ም. በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጡ።

ዛሬ በኤኳዶር የእንግዳ ማረፊያዎች ያሉት ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚሠሩት በዚያው መንገድ ነው። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያቆማሉ። በአንድ አበባ ዙሪያ አራት ወይም አምስት ፍላሾች ያደርጋሉ፤ የፍላሹም ኀይል ሲቀነስ ብልጭታው ያጥራልና ኀይሉን ይቀንሳሉ። ከአበባው ኋላ ደኑን የሚመስል አረንጓዴ ሥዕል ይሰቅላሉ። ወደ አበባው ውስጥ በመርፌ ጥቂት የስኳር ውሃ ይጨምራሉ፤ በአጠገቡ ያለውንም ማጠጫ ለጊዜው ያነሡታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ነው።

ብዙ ነገር የሚበላሸውም በዚህ መጠበቅ ላይ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ወፊቱን በካሜራው እያሳደደ ሊያነሣት ይሞክራል፤ የሚያገኘውም ባዶ አበባ ወይም የጅራት ጫፍ ነው። በዚያ የኖሩት ግን እንደ እርስዋ መሮጥ እንደማይቻል ያውቃሉ። እነርሱ ወፊቱን ሳይሆን አበባውን ያነጣጥራሉ፤ ወፊቱ አንድ ጊዜ ከቀመሰችው ትመለሳለችና። ኮሊብሪ የትኛው አበባ እንደ ጠጣችና መቼ እንደ ጠጣች የምታስታውስ ወፍ ናት።

ከወፊቱ መምጣት ሌላ ደግሞ የፀሐይንና የራስን ስፍራ ማወቅ ያስፈልጋል። የኮሊብሪ ጉሮሮ አንድ ጊዜ እንደ ፍም ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ራስዋን ጥቂት ዘወር ስታደርግ ግን ጥቍር ይሆናል። የላባው ብልጭታ እንደ ጨርቅ ቀለም የተነከረ አይደለም። በላባው ውስጥ እጅግ ስስ የሆኑ ነገሮች ተደራርበዋል፤ ብርሃን በእነርሱ ላይ ሲያርፍ አንዱን ቀለም አጕልተው ይመልሱታል። በሳሙና አረፋ ላይ የሚታየውም ቀለም እንዲሁ ያለ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ጐን ለጐን ቆመው አንዲቱን ወፍ ቢያዩ፥ አንዱ እንደ ዕንቍ የምታበራ ወፍ፥ ሌላው ጨለማ የሆነች ወፍ ያይ ይሆናል። ሁለቱም አልዋሹም።

የማረፊያው ባለቤቶች ለእንግዶቻቸው ሕግ አላቸው። ከሁሉ የሚከብደው ስለ ጎጆ የተነገረው ነው። ኮሊብሪ እንስቲቱ ብቻዋን ጎጆ ትሠራለች፤ ወንዱ አይረዳትም። ጎጆዋንም በሸረሪት ድር እየሰፋች ትሠራዋለች፤ ውጭውንም በዛፍ ሽበት ትለብጠዋለች። የሸረሪት ድር ስለሚሳብ ጫጩቶቹ ሲያድጉ ጎጆው አብሮ ይሰፋል። በውስጡም ባቄላ የሚያህሉ ሁለት ነጫጭ እንቍላሎች ትጥላለች። አንዳንድ ፎቶግራፍ አንሺ ጎጆው በደንብ እንዲታይለት በፊቱ ያለውን ቅጠል ይቈርጣል። ሥዕሉ ያምርለታል፤ እርሱ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ያ ጎጆ ለፀሐይና ለዝናብ፥ ለእባብና ለትልልቅ ወፎች ተገልጦ ይቀራል። ስለዚህ በደኅና በሚጠበቁት ስፍራዎች ወደ ጎጆ መቅረብ ክልክል ነው።

የማጠጫው ሥራ ደግሞ የባለቤቶቹ ነው፤ እንግዳው የማያየው ድካም ይህ ነው። አንድ እጅ ነጭ ስኳር ከአራት እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ማር አይጨመርበትም፤ ማር በውሃ ሲበጠበጥ ፈጥኖ ይቦካል፥ ሻጋታም ያበቅላል፤ ወፊቱንም ያሳምማታል። ቀይ ቀለምም አያስፈልግም፤ ማጠጫው ራሱ ቀይ ከሆነ ይበቃል። የስኳር ውሃ ከተቀመጠ ይበላሻልና ጠርሙሶቹ አዘውትረው በፍል ውሃ መታጠብ አለባቸው። ሥራውን የሚንቅ ሰው ወፎቹን ሊመግብ አስቦ ይመርዛቸዋል።

ማጠጫ ግን የደን ምትክ አይሆንም። በፒቺንቻ ምዕራብ ብዙ ባላገሮች ለከብት ግጦሽና ለእርሻ ደኑን ይቈርጡ ነበር። ይህን ያደረጉት ክፉዎች ስለ ሆኑ አልነበረም፤ ልጆቻቸውን የሚያበሉበት ሌላ ነገር ስላልነበራቸው ነው። ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶች ሲበዙ ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ የቆመ ዛፍ ከተቈረጠ ዛፍ ይልቅ እንጀራ እንደሚሆን አዩ። አንዱ ማረፊያ ቤት ሠራ፤ ሌላው መንገድ መሪ ሆነ፤ ሴቶችም ለእንግዶች ምግብ ያዘጋጁ ጀመር። ይህ ኑሮ ያለ ችግር አይደለም። በ2020 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መንገዶችን በዘጋ ጊዜ እንግዳ ቀረ፤ በእንግዳ ብቻ የሚኖሩት ሰዎችም ብዙ ተቸገሩ።

በዚሁ ተራራ ላይ አንዲት ጥቍር ኮሊብሪ አለች። ከፍ ባለው ብርድ ባለበት ስፍራ፥ ከጫፉ በታች ባለው ቍጥቋጦና ደን ውስጥ ትኖራለች፤ በእግሮችዋም ላይ እንደ ባዘቶ ያለ ነጭ ላባ አለባት። ከሰል ለማክሰልና ለእርሻ ደኑ በተቈረጠ ቍጥር መኖሪያዋ ጠበበ፤ ዛሬ የቀሩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የኪቶ ከተማ በ2005 ዓ.ም. ይህችን ወፍ ምልክትዋ አደረገቻት። ከዚያም አስቀድሞ በ2001 ዓ.ም. ያናኮቻ የተባለው ስፍራ ስለ እርስዋ ተከልሎ ነበር። ወደ ያናኮቻ የሚወጡ እንግዶች በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ይቆማሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያዩት ሌላዪቱን፥ ምንቃርዋ ከሰውነትዋ የሚረዝመውን ኮሊብሪ ነው። ያችም ወፍ ምንቃርዋ ስለሚከብዳት ስትቀመጥ ወደ ላይ ቀና አድርጋ ትይዘዋለች፤ ላባዋንም በምንቃርዋ ልታበጥር ስለማይቻላት በእግርዋ ታካለች። ጥቍርዋን ግን ሳያዩ የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። ደኑ ስለ እርስዋ ቆሞአል፥ እርስዋም በውስጡ አለች፤ በፎቶግራፍ መያዝዋና አለመያዝዋ ለእርስዋ ምንም አይደለም።

በምድር ወገብ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ፈጥና ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በበረንዳው ያሉት እንግዶች ካሜራቸውን በየሣጥኑ ያገባሉ። ወፎቹ ግን ከመጨለሙ በፊት ባለችው ጥቂት ጊዜ ከቀኑ ሁሉ የበለጠ ይጠጣሉ፤ ጠባቸውንም የረሱ ይመስላሉ፤ አራትና አምስት ሆነው በአንድ ማጠጫ ላይ ይቀመጣሉ። ሌሊቱ 12 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ጠብታ አያገኙም።

ስለዚህ ኮሊብሪ በቅርንጫፍዋ ላይ ላባዋን ነፋ አድርጋ ስትቀመጥ፥ ብርድ በበዛበት ሌሊት እንደ ሙታን ትሆናለች። በቀን ከ1,000 ጊዜ በላይ ይመታ የነበረው ልብዋ በደቂቃ እስከ 50 ጊዜ ዝቅ ይላል። ሰውነትዋም ይቀዘቅዛል። በ2020 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ በፔሩ ተራራዎች ላይ የአንዲት ኮሊብሪ ሰውነት ከ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች እንደ ወረደ ተጽፎአል፤ ይህም የበረዶ ውሃን ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። በዚያ ጊዜ ሰው በእጁ ቢያነሣት አትሸሽም፤ መሸሽ አይቻላትምና። ብልጭ የሚል መብራትና የሰው እጅ በሌሊት ወደ እርስዋ እንዳይቀርብ የሚከለከለው ስለዚህ ነው።

የማረፊያው ሰዎች በዚያ ሰዓት በወጥ ቤት ጠርሙሶቹን በፍል ውሃ ያጥባሉ፤ የነገውንም ስኳርና ውሃ ለክተው ያስቀምጣሉ። ከንጋት በፊት፥ ገና ጨለማ ሳለ፥ በደኑ ውስጥ ያለችው ወፍ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። የደረትዋ ጡንቻዎች እየተንቀጠቀጡ ሰውነትዋን ያሞቁታል፤ ልብዋም ይፈጥናል። ሃያ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ከቆየች በኋላ ዓይንዋን ትገልጣለች፥ ክንፍዋን ትሞክራለች። ማጠጫው ከተሰቀለ ጥቂት ጊዜ ሆኖታል።